ጎልማሳ ሰው መካኒክነትን ስለ መማሩ

በአገራችን ብዙ ሰው ትምህርትን የልጅነት ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሰው አድጎ ትዳር ከያዘና ልጆች ከወለደ በኋላ የጀመረውን ሙያ ይዞ ይኖራል እንጂ፣ እንደ ገና ተማሪ ሆኖ ከሌላ ሰው እግር ሥር ይቀመጣል ተብሎ አይታሰብም። ዳሩ ግን ኑሮ ይለወጣል፤ ትናንት ቤተ ሰብ ያስተዳድር የነበረ ሙያ ዛሬ ለራሱ ለባለ ሙያው እንኳ የማይበቃበት ጊዜ ይመጣል። እንግዲህ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ወይም አርባ ዓመት የሞላው ሰው የመኪና ጥገና ተምሮ ሊተዳደርበት ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ ለመመለስ የምሞክረው ይህን ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከከተማችን ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በጋፋት፣ በ1850ዎቹ ዓመታት ዐፄ ቴዎድሮስ የብረታ ብረት ሥራ አቋቁመው እንደ ነበር ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ሰምተናል። በዚያ ይሠሩ የነበሩት ቫልድማየርና ሳልሙለርን የመሳሰሉ አውሮጳውያን ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር ለማስተማር የመጡ ሰዎች ነበሩ እንጂ፣ መድፍ የማቅለጥ ሙያ አልነበራቸውም። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው በጠየቋቸው ጊዜ እንደማያውቁ ተናገሩ። ንጉሡ ግን አልተዋቸውም። በመጀመሪያ የሠሩት ተበላሸ፤ እንደ ገና ጀመሩ፤ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እየሞከሩ፣ እያፈረሱና እየሠሩ በመጨረሻ ተሳካላቸው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሠረገላ እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለትና ገደል እየተናደለት፣ ከአምስት ወር በላይ ተጉዞ መቅደላ ገባ። ከዚህ የምንማረው፣ ትልቅ ሰው አዲስ ሙያ በእጁ ሊያስገባ እንደሚችልና ትምህርቱ ግን ያለ ብዙ ብልሽት እንደማይገኝ ነው።

ወደ ኦቶሞቢል ስንመጣ ደግሞ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። የመጀመሪያው ኦቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። መኪና ከመጣ የሚጠግነው ሰው ያስፈልጋልና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰማ እሸቴን የኦቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ላኳቸው። ተሰማ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ያለፈ፣ በግጥምና በዘፈን የታወቁ ሰው ነበሩ። በጀርመን አገር ሳሉ የቴክኒክ ትምህርታቸውን ሲከታተሉ ዘፈናቸውንም በሸክላ አስቀረጹ፤ ይህም በሸክላ ከተቀረጹት የኢትዮጵያ ዘፈኖች የመጀመሪያው ነው። በኋላም የነጋድራስነት ማዕርግ አግኝተዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው። እንግዲህ በአገራችን በመጀመሪያ ስለ ኦቶሞቢል ከተማሩት ሰዎች አንዱ፣ ሌላ ሙያ የነበራቸው ሙሉ ሰው እንደ ነበሩ ልብ ይሏል።

አሁን ሙያው ራሱ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት። የቤንዚን ሞተር በአራት ምት ይሠራል። በመጀመሪያው ምት ፒስቶኑ ወደ ታች ወርዶ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ በሁለተኛው ወደ ላይ ወጥቶ ያምቀዋል፤ በሦስተኛው ካንዴላው እሳት ሲፈነጥቅ የታመቀው ነገር ተቃጥሎ ፒስቶኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል፤ በአራተኛው ጭሱ ይወጣል። በናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለም፤ አየሩ እጅግ ስለሚታመቅ ከራሱ ሙቀት የተነሣ ናፍጣውን ያቀጣጥለዋል። ይህን በሚገባ የተረዳ ተማሪ «ሞተሩ አልነሣም አለ» ሲባል በዘፈቀደ ብሎን መፍታት አይጀምርም፤ አየር ይገባልን? ነዳጅ ይደርሳልን? እሳት አለን? እያለ በተራ ይጠይቃል። መካኒክነት ከመፍታት ይልቅ መጠየቅ ነው፤ አባቶቻችንም «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላሉ።

የደጋው አገራችን ደግሞ ለመካኒክ የራሱ የሆነ ትምህርት ቤት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲመዛዘን ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር ከሳሳ ሞተሩ የሚያቃጥልበት ነገር ያንሰዋል፤ ስለዚህ ከወረታ ተነሥቶ በዓለም ሳጋ በኩል ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያቃስት እናያለን። የሚገባው ናፍጣ ሳይቀንስ አየሩ ስለ ጎደለ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጭስ ሆኖ ይወጣል። እንደዚሁም ውኃ በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን በደንብ የሚገጥም የሆነው በውስጡ ያለውን ውኃ አፍኖ ቶሎ እንዳይፈላ ለማድረግ ነው። ክዳኑ የላላ መኪና በወረታ ሜዳ ደኅና ሲሄድ ውሎ ዳገቱ ላይ ይፈላል፤ ያላወቀ መካኒክ ግን ሞተሩን ያወርዳል።

ከጉና ሥር ወይም ከደብረ ታቦር ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ፈተናው የፍሬን ነው። ፍሬን የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት እየለወጠ ያቆማል። ሾፌሩ ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬኑን ብቻ እየረገጠ ከወረደ፣ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ይግልና የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ የመካኒኩ ስሕተት የአንድ ዕቃ መበላሸት ብቻ አይደለም፤ በመኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሕይወት በእጁ ነው። ሙያው የሚያስከብረውም የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው።

አዲስ ተማሪ በጋራዥ ውስጥ በመጀመሪያ የሚማረው ቋንቋ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ካምቢዮም ለውጥ ማለት ነው። የወራሪው ጦር ተባርሮ ሲወጣ መኪናውና የመኪናው ቋንቋ በጋራዦቻችን ውስጥ ቀሩ። በኮሌጅ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ጎልማሳው ተማሪ አንዱን ዕቃ በሁለት ስም ማወቅ ይኖርበታል።

የመማሪያው መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ በደረጃ መማር ነው። በክልላችን የዚህ ትምህርት ታሪክ ሲነሣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራውና በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ይታወሳል፤ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ሁለተኛው መንገድ በጋራዥ ከዋና መካኒክ ሥር ሆኖ እያዩና እየሠሩ መማር ነው። በዚህ የተማረ ሰው ወረቀት የለህም ተብሎ እንዳይቀር የሙያ ብቃት ምዘና ተዘጋጅቷል፤ ምዘናው የሚመለከተው ሰውዬው ሥራውን መቻሉን እንጂ የት እንደ ተማረ አይደለም። ቀን ሥራ የሚውልና ቤተ ሰብ ያለው ሰው በአብዛኛው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ይመርጣል።

ይህን የምጽፈው ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። አንድ አጎት አለኝ፤ ለብዙ ዓመታት ልብስ ሰፊ ነበር። የተሰፋ ልብስ ከየአገሩ እየመጣ ገበያውን ሲሞላው ሥራው እየቀነሰ ሄደና በ36 ዓመቱ ጋራዥ ለመግባት ቈረጠ። በቤት ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ባለቤቱ «ሦስት ልጆች ምን ይብሉ?» አለች፤ ጥያቄዋም ትክክል ነበር፤ በጋራዥ ጀማሪ ለብዙ ወራት ደመወዝ የለውምና። አያቴ ደግሞ «ከንጹሕ ሥራ ወደ ቅባት ትገባለህን?» ብለው አዘኑ። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን የመናቅ ክፉ ልማድ እንደ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክም ሠራተኛን የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የታወቀ ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም የንቀቱ ርዝራዥ ገና ከሰው አፍ አልጠፋም።

አጎቴ ለሁለቱም መልስ አገኘ። ስለ ልጆቹ ምግብ፣ የስፌት መኪናውን አልሸጠም፤ ቀን ጋራዥ እየዋለ ማታ ማታ የባጃጅና የሚኒባስ መቀመጫ ልብስ ይሰፋ ጀመር። ደንበኞቹን ያገኘውም እዚያው ጋራዥ ነው። ስለ ቅባቱ ደግሞ ለአያቴ እንዲህ አላቸው፦ «እማዬ፣ ድሮም ባለ መኪና ነበርሁ፤ አሁንም ከመኪና ወደ መኪና ነው የሄድሁት»። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም እውነት አለበት። የስፌት መኪናም ዘይት ይጠማዋል፤ መርፌውና ክሩ በተወሰነ ጊዜ ካልተገናኙ ይዘላል፤ ሲታመምም ድምፁ ይለወጣል። አጎቴ ይህን በጆሮው የማወቅ ልምድ ስለ ነበረው፣ የሞተርን ድምፅ ከብዙዎቹ ወጣቶች ቀድሞ ለየ። ጎልማሳ ሰው ወደ አዲስ ሙያ ባዶ እጁን አይገባም፤ የቀድሞው ሙያው ያስተማረውን ይዞ ይገባል።

ከሁሉ የከበደው ግን ዕድሜ ነበር። ያስተምረው የነበረው ልጅ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ 14 ቁልፍ ያቀብሉኝ» እያለ በአክብሮት ያዝዘዋል፤ አጎቴም ይታዘዛል። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት የተፈታ ዕቃ ከማጠብና ጎማ ከማውለቅ በቀር ሌላ ሥራ አልተሰጠውም። አንዳንድ ጎረቤትም ቱታውን አይቶ ይስቅበት ነበር። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ግን ፍሬን ፈትቶ የሚገጥምና ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ሆነ። ዛሬም ሀብታም አይደለም፤ ልጆቹ ግን ትምህርት አላቋረጡም።

በመጨረሻ ስለ ወደፊቱ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ፒስቶን፣ ካንዴላና የሞተር ዘይት የለውም። ታዲያ ዛሬ ስለ ቤንዚንና ስለ ናፍጣ ሞተር የሚማር ጎልማሳ ነገ ሙያው ይቀርበታልን? እንደሚመስለኝ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ዛሬ በመንገዳችን ላይ ያሉት የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ገና ለብዙ ዓመታት ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪኩ መኪናም ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪና ኩሽኔታ አለው። እንዲያውም ለደጋ አገር የሚስማማ ጠባይ አለው፦ አየር ስለማያቃጥል በአየር መሳሳት ጕልበቱ አይቀንስም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ነገር ግን የባትሪው ኃይል ሰው የሚገድል ስለሆነ በግምት የሚነካ አይደለም፤ ለብቻው ትምህርት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በጎልማሳነቱ አንድ ጊዜ ለመማር የደፈረ መካኒክ፣ ሁለተኛም ለመማር መዘጋጀት አለበት።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ «ይቻላል» የሚል ነው፤ ግን በነጻ አይደለም። ሙያውን ለመለወጥ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የመማሪያውን ዘመን ቤተ ሰቡ በምን እንደሚያልፈው ያስላ፤ የቀድሞ ሙያውን በአንድ ቀን አይጣል፤ ከወጣት መማርን አይፈር፤ እጁ የለመደውን ነገር ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ብቃቱንም በምዘና ያስመስክር።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ግዴታ አለብን። ብዙዎቻችን ያለ ዕድሜያቸው ሸክም ያነሡ ወላጆች ልጆች ነን። አባት ወይም እናት በዚህ ዕድሜያቸው ደብተር ቢገዙ ወይም ቱታ ቢለብሱ፣ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ልናነብላቸውና ያልገባቸውን ልንተረጕምላቸው እንችላለን። እነርሱ ለኛ የትምህርት ቤት በር እንደ ከፈቱልን፣ እኛም ለእነርሱ መጽሐፉን እንክፈትላቸው።