የትኛው ነጭ ንጣፍ ነው ካንሰር የሚሆነው?

ሐኪሙ የታካሚውን ምላስ በጎዝ ይዞ ወደ ጎን ሳብ ያደርገዋል። ከምላሱ ዳር የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ንጣፍ አለች። በጎዙ ይጠርጋታል፤ አትለቅም። የተለመደው የአፍ ፈንገስ ብትሆን ኖሮ ትለቅ ነበር። አታምም፣ አትደማም፣ ሲበሉም አትታወቅም። ሐኪሞች ሉኮፕላኪያ ይሏታል። እንዲህ ካሉት ንጣፎች አብዛኞቹ ሰውየውን ምንም ሳያደርጉት ይኖራሉ፤ ከመቶው ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑት ግን ዓመታት ቆይተው ወደ ካንሰር ይለወጣሉ። ቀይ ከተቀላቀለባቸው ደግሞ ሥጋቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የታካሚው ጥያቄ አንድ ነው፦ የእኔዋስ ከየትኞቹ ናት?

በአብዛኛው ክሊኒክ ዛሬም መልሱ የሚጠበቀው ከማይክሮስኮፕ ነው። ከንጣፉ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ለፓቶሎጂስት ይላካል፤ ባለሙያው የሕዋሶቹን ቅርጽና አደራደር አይቶ መዛባቱን ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ብሎ ይመድባል። ሆኖም አንድን ስላይድ ሁለት ልምድ ያላቸው ፓቶሎጂስቶች አይተው የተለያየ ደረጃ የሚሰጡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቀላል የተባለው ካንሰር ሆኖ ይመጣል፤ ከፍተኛ የተባለው ደግሞ ባለበት ይቀራል። የሕዋስ መልክ የሚበላሸው ውስጡ ብዙ ነገር ከተናጋ በኋላ ስለሆነ፣ መልክን ብቻ ማየት ዘግይቶ መድረስ ነው።

ንጣፉን ለማከምም ሆነ ካንሰር የሚሆነውን ለመለየት የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። በ1986 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሂውስተን የኤም ዲ አንደርሰን ካንሰር ማዕከል ሐኪም የሆኑት ዋን ኪ ሆንግና ባልደረቦቻቸው ንጣፉ ያለባቸውን 44 ሰዎች በሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ (ፕላሴቦ) ሰጡ። መድኃኒቱን ከወሰዱት በሁለት ሦስተኛው ንጣፉ በጉልህ ቀነሰ፤ በፕላሴቦው ወገን ግን በአሥር በመቶው ብቻ። ደስታው አልቆየም። መድኃኒቱ በቆመ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ንጣፉ ተመለሰ። ያም ሆኖ ማዕከሉ ሥራውን አልተወም፤ ቆይቶ 162 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ አካሄደ። ከአፋቸው የተወሰደውን ናሙናም አልጣለውም። ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ናሙናው ለምን እንደጠቀመ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፦ በሰውነታችን ያሉት ሕዋሶች ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ዲኤንኤ አላቸው። የምላስን ሕዋስ ከጉበት ሕዋስ የሚለየው የትኞቹ ጂኖች በሥራ ላይ እንደሆኑ፣ የትኞቹ ዝም እንዳሉ ነው። ሥራ ላይ ያለ ጂን አር ኤን ኤ የሚባል ቅጂ ያወጣል፤ ቅጂው በበዛ ቁጥር ጂኑ በርትቶ እየሠራ ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ከተቀመጠው ናሙና የ86 ሰዎችን ወስደው የሺዎች ጂኖችን እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ለኩ። ክትትሉ በአማካይ ስድስት ዓመት ያህል የቆየ ሲሆን ከሰዎቹ 35ቱ የአፍ ካንሰር ይዟቸዋል። በ2011 የታተመው ውጤት 29 የአር ኤን ኤ ቅጂዎችን የመረጠ መለኪያ ነበር፤ የስህተት መጠኑ 8 በመቶ ብቻ ነው ተብሎ ቀረበ። ቀድሞ የሚታወቁት የሥጋት ምልክቶች ከሚሰጡት ግምት በእጅጉ የተሻለ ነበር።

ታዲያ ምርመራው ለምን ወደ ክሊኒክ አልወረደም? ከ86 ሰዎች 35ቱ ካንሰር የያዛቸው ስብስብ ተራ የጥርስ ክሊኒክ የሚመጣውን ሰው አይመስልም። በዚያ ላይ፣ በጥቂት ሰዎች ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ሲለኩ በአጋጣሚ የሚገጣጠም ነገር አይጠፋም። ስለዚህ መለኪያው በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሕዝብ ላይ በተደጋጋሚ መፈተን ነበረበት።

በዚህ ጉዳይ መጣደፍ ምን እንደሚያስከትል ኦስሎ ላይ ታይቷል። ዮን ሱድቦ የተባለው የኖርዌይ ሐኪም የንጣፉን ዲኤንኤ መጠን በመለካት ካንሰርን መተንበይ ይቻላል ብሎ በ2001 እና በ2004 በታላላቅ መጽሔቶች ጻፈ፤ በ2005 ደግሞ 908 ሰዎችን አጠናሁ ብሎ ላንሴት ላይ አሳተመ። በጥር 2006 ሰዎቹ የፈጠራ መሆናቸው ተጋለጠ፤ 250ዎቹ የልደት ቀናቸው አንድ ነበር። ጽሑፎቹ ተሻሩ። የእርሱን ቁጥር አምነው ታካሚዎቻቸውን ሲመክሩ የነበሩት ሐኪሞችና ምክሩን የተቀበሉት ሰዎች ናቸው የሚያሳዝኑኝ።

ቀስ ብሎ የሄደው መንገድ የተሻለ ደረሰ። በሦስተኛውና በዘጠነኛው ክሮሞዞም ላይ የሚታይ የዲኤንኤ ቁራጭ መጥፋት ሥጋቱን እንደሚጠቁም በሂውስተንም በካናዳም በተለያዩ ቡድኖች ታየ። በ2016 የታተመ ትልቅ ሙከራ ምልክቱ ያለባቸውን 150 ሰዎች ለይቶ ግማሾቹን ኤርሎቲኒብ በተባለ መድኃኒት አከመ። መድኃኒቱ አልረዳም፦ ሦስት ዓመት ያለ ካንሰር የቆዩት ከወሰዱት 70፣ ካልወሰዱት 74 በመቶ ነበሩ። ምልክቱ ግን ሠርቷል፤ ምልክቱ ከሌለባቸው 87 በመቶው ካንሰር ሳይዛቸው ቆይተዋል።

መድኃኒት ሳይኖር ማወቁ ምን ይጠቅማል የሚሉ አሉ። አልስማማም። በየሦስት ወሩ መታየት ያለበትን በዓመት አንዴ ቢመጣ ከሚበቃው መለየት ራሱ ሕይወት ያድናል፤ ምላሱ ያለ ምክንያት ከመቆረጥ የሚተርፍም አለ። በ2022 ወደ 390 ሺህ ሰዎች የከንፈርና የአፍ ካንሰር ይዟቸዋል፤ ትልቁን ሸክም የተሸከመችው ትንባሆና ፉፈል የሚባል ፍሬ የሚታኘክባት ደቡብ እስያ ናት። በየመን ደግሞ ጫት የሚያዘወትሩ ሰዎች ጫቱን በሚይዙበት ጉንጭ በኩል ነጭ ንጣፍ እንደሚታይ ተጠንቷል። ሂውስተን ላይ የተሠራ መለኪያ ሙምባይ፣ ሰንዓ ወይም ሐረር ላለ አፍ ይሠራል ብሎ ከወዲሁ መቀበል አይቻልም፤ እዚያው መፈተን አለበት።

ለዚህ ደግሞ ውድ መሣሪያ የመጀመሪያው ጉዳይ አይደለም። በሰም ተነክሮ ከቆየ ናሙናም አር ኤን ኤ መለካት ዛሬ ይቻላል። እንዲህ ያሉ የሰም ብሎኮች በየሆስፒታሉ የፓቶሎጂ ክፍል መደርደሪያ ላይ አሉ። የሚጎድለው ከእያንዳንዱ ብሎክ ጋር ታካሚው ያጨስ ወይም ይቅም እንደነበር፣ ስልኩን፣ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላም ምን እንደሆነ የሚይዝ መዝገብ ነው።