ካቴናው የሚፈታበት ትዕይንት

ይህ ካሜራው ሲያርፍ፣ ሻይ ይዘን የምናወራው ነገር ነው። አንድ ወጣት ጸሐፊ ስክሪፕቱን አቅፎ መጥቶ «ፖሊሶችና እስረኞች በአንድ ጣቢያ ተከበው...» ብሎ ሲጀምር፣ ከየት እንዳመጣው ወዲያው አውቃለሁ። «አሶልት ኦን ፕሪሲንክት 13» ነው፤ ዣን ፍራንስዋ ሪሼ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደገና የሠራው፣ ኢታን ሆክ ፖሊሱን፣ ሎረንስ ፊሽበርን ወንጀለኛውን ሆነው የተጫወቱበት።

የመጀመሪያውን ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራው በ100 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ጻፈው፣ ዳይሬክት አደረገው፣ ሙዚቃውን ደረሰለት። ኤዲት ያደረገውም እሱው ነው፤ ስሙን ግን ጆን ቲ. ቻንስ ብሎ አስገባ። ቻንስ በ«ሪዮ ብራቮ» ጆን ዌይን የተጫወተው ሸሪፍ ነው፤ ካርፔንተር ለዚያ ፊልም ባለዕዳ መሆኑን የነገረን በዚህ ነው። አይስክሬም የያዘች ትንሽ ልጅ የምትገደልበትን ትዕይንት የፊልም ደረጃ ሰጪዎቹ ካላወጣህ ሲሉት፣ ለእነሱ ከላከው ቅጂ ቆረጠው፤ ሲኒማ ቤት በገባው ቅጂ ላይ ግን እንዳለ ተወው። ርዕሱንም ያወጣው አከፋፋዩ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ 13ኛ ጣቢያ የሚባል የለም።

ሪሼ የነካው ዋናውን ቦታ ነው። በ1976ቱ ከበባውን የሚያደርጉት የመንገድ ወሮበሎች ናቸው። በ2005ቱ ከውጭ የሚተኩሱት ራሳቸው ፖሊሶች ናቸው፤ እስረኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ ከእሱ ጋር የነበራቸውን የወንጀል ሽርክና እንዳያወጣ ሊገድሉት መጥተዋል። ቢሾፕ የሚለው ስም እንኳ ከ1976ቱ የፖሊስ መኮንን ተወስዶ ለወንጀለኛው ተሰጥቷል። የዚህ ዓይነት ፊልም ጉልበቱ ግን ፍንዳታው ላይ አይደለም። ካቴናው ተፈቶ ጠመንጃው ለእስረኛው የሚሰጥባት ደቂቃ ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ በሁለቱ ሰዎች መካከል የቆየ ነገር ከሌለ፣ የቀረው ጩኸት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ የቆየ ነገር የሚፈልግ ጎጃም፣ ቢቸና ይሂድ። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ጣሊያንን ተዋጋ፤ ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ተሾመ። ከመንግሥት ጋር ሲጣላ በሶማ ተራራ ተከበበ፤ የከበበው ደግሞ የገዛ አገሩ ጦር ነው። በመጨረሻ እጁን ሰጥቶ አዲስ አበባ ታሰረ። እዚያው እስር ቤት ልጅ ማሞ ነበር፤ ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘር የሆነ፣ በወረራው ዘመን ለጣሊያን አድሮ ከበላይ በተቃራኒ የቆመ ሰው። አርበኛውና ባንዳው አብረው ሊያመልጡ ሞከሩ። ተያዙ። ጥር 1937 ዓ.ም. አብረው ተሰቀሉ። ይህን የመሰለ ታሪክ የትኛው የሆሊውድ ጸሐፊ ደፍሮ ይፈጥረዋል?

እዚያው ጎጃም ለሞጣም ሌላ ፊልም አለ፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩን እንቢ ያሉት የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች፣ ቦምብ የጣለባቸው አውሮፕላን፣ በኋላም የጠቅላይ ገዥው የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ መነሣት። እሱ ግን ሰፊ ሜዳና ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ይቆየን።

ፕሮዲውሰሮቻችን «የታሪክ ፊልም ውድ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። የሶማን ጦርነት እንቅረጽ ካላችሁ እውነት ነው። እኔ የምመክረው ከእስር ቤቱ እንድትጀምሩ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ጎበዝ ተዋናዮች፣ በሩ ላይ አንድ ዘበኛ። ካርፔንተር በትንሽ ገንዘብ አንድ ሕንጻ ውስጥ ዘግቶብን ይዞን ቆይቷል። የተረፈውን ብር ለልምምድ አውሉት፤ በተለይ ለማሞ። ማሞን እንዲጠላ ብቻ አድርጎ የጻፈ ሰው ስክሪፕቱን ይዞልኝ ቢመጣ እመልስለታለሁ፤ በላይ ያንን ሰው እንዴት አምኖ አብሮት እንደተነሣ ገና አልጻፈማ።