በፓርኪንሰን በሽታ የሚደርስ የአእምሮ ድካምና ከመድኃኒት ውጭ ያሉ የእንክብካቤ ዘዴዎች

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1817 ሲገልጽ፣ አካል ቢንቀጠቀጥም የሕመምተኛው አእምሮ እንደማይጎዳ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተካሄዱ ጥናቶች ግን በሽታው እየቆየ ሲሄድ በብዙ ሕሙማን የማሰብ ችሎታ ላይም ጉዳት እንደሚያደርስ አረጋግጠዋል።

የድካሙ ጠባይ

በአልዛይመር በሽታ በቅድሚያ የሚጎዳው አዲስ ነገርን በአእምሮ የመያዝ ችሎታ ነው። በፓርኪንሰን በሽታ ግን በአመዛኙ ቀድመው የሚዳከሙት ትኩረት፣ ሥራን በቅደም ተከተል ማከናወንና የአስተሳሰብ ፍጥነት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲያፈሉ የኖሩ እናት ማጠቡን፣ መቁላቱንና መውቀጡን አልረሱም፤ ነገር ግን ከአንዱ ወደ ቀጣዩ መሸጋገር ያቅታቸዋል። «አሁን ይወቀጥ» ሲባሉ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቤተሰብ ይህን እንደ ስንፍና ወይም እንደ እልኸኝነት ከቆጠረው ሕመምተኛው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ቅደም ተከተልን ከአእምሮ ውጭ ማኖር

የእንክብካቤው መሠረት አእምሮ የተሳነውን ቅደም ተከተል በአካባቢው ማዘጋጀት ነው። መመገቢያ፣ መታጠቢያና መኝታ ሰዓት ባይለዋወጥ ይመረጣል። የዕለቱ ተግባር በጉልህ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ሌላ ሰው በቃል ያስታውሳቸው። ጥያቄ አጭር ይሁን፤ ለመልሱም በቂ ጊዜ ይሰጥ። ሕመምተኛው በሚራመድበት ጊዜ በወሬ ወይም ዕቃ በማስያዝ ትኩረቱን መክፈል ለመውደቅ አደጋ ስለሚያጋልጠው ሊወገድ ይገባዋል።

የሰውነትና የአእምሮ እንቅስቃሴ

አቅም በፈቀደ መጠን በሳምንት እስከ 150 ደቂቃ የሚደርስ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ወይም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ይመከራል። እንቅስቃሴ ለአካል፣ ለስሜትና ለእንቅልፍ ይጠቅማል፤ ለአስተሳሰብም እንደሚረዳ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። በአንጻሩ፣ በኮምፒዩተር የሚሰጡትን ጨምሮ የአእምሮ ማሠልጠኛ ልምምዶችን በሚመለከት ኮክሬን የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ 7 ጥናቶችን መርምሮ ግልጽ ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ ለእነዚህ ልምምዶች ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ ሕመምተኛው ከሚወደው ጨዋታና ንባብ፣ ከጎረቤትና ከዕድር እንዳይለይ ማድረግ ይበልጥ ተገቢ ነው።

አባባሽ ምክንያቶችን መፈለግ

የፓርኪንሰን የአእምሮ ድካም ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚከሰት መዘባረቅ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ፈጣን ምርመራ ያሻዋል። የሽንት ቱቦ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የሆድ ድርቀትና አዲስ የተጀመረ መድኃኒት በቅድሚያ ሊታሰቡ ይገባል። ሲቆሙ የሚወርድ የደም ግፊት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የዓይንና የጆሮ ድካምም ችግሩን ያባብሳሉ።

በሀገራችን መንቀጥቀጥን ለማስታገስ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲል (አርቴን) በተለይ በአረጋውያን ላይ የማስታወስ ችሎታን ሊያደክምና መዘባረቅን ሊያስከትል ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ሊቀንስ ወይም ሊያቆመው ይችላል። ሆኖም ይህንንም ሆነ ሌቮዶፓን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።

ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱም በሽታውን አያቆመውም። ይሁን እንጂ ሊወገድ የሚችለውን ጉዳት በመቀነስ ሕመምተኛው ያለውን ችሎታ እንዲጠቀምበት ያግዛሉ። አስታማሚውም ተራ የሚለውጠው ሰው ሊኖር ይገባል፤ የለውጡን ዓይነትና ቀን እየመዘገበ ለሐኪሙ ቢያሳይም ለምርመራው ትልቅ እገዛ ያደርጋል።