ሚሊዮኑን ረድፍ የሚያነበው ማን ነው?

ዳታ ግሪድ በድረ ገጽ መተግበሪያ ውስጥ መረጃን በረድፍና በዓምድ ደርድሮ የሚያሳይ፣ ተጠቃሚውም እዚያው ላይ እንዲፈልግ፣ እንዲያጣራና እንዲያርም የሚያስችል፣ አስቀድሞ ተሠርቶ የሚቀርብ የሶፍትዌር አካል ነው። የፕሮግራመሮች ቡድን ይህን አካል ለመምረጥ በተሰበሰበ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ረድፍ ይችላል?» የሚለው ሲሆን፣ አቅራቢዎቹም ይህን ስለሚያውቁ በማሳያ ገጻቸው ላይ መቶ ሺህ፣ አንዳንዴም ሚሊዮን ረድፍ ሽቅብና ቁልቁል ያስሮጣሉ። ተሰብሳቢው ይደነቃል፤ ምርጫውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል። ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ከተጠቃሚዎች የሚመጣው ቅሬታ ግን ከረድፍ ብዛት ጋር የሚገናኘው ከስንት አንዴ ነው።

ብዛቱን የሚያስችለው ስልት ምሥጢር የለውም። ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል፤ ይኸውም ግሪዱ ረድፎቹን ሁሉ በብራውዘሩ ላይ በመሣል ፈንታ በመስኮቱ ውስጥ የሚታዩትን ብቻ ሥሎ፣ ተጠቃሚው ባንሸራተተ ቁጥር የእነዚያኑ ይዘት የሚለዋውጥበት ዘዴ ነው። ስሊክግሪድ የተባለው ነጻ ላይብረሪ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ሲሠራበት የነበረ፣ ዛሬም ታዋቂዎቹ ግሪዶች፣ ኤጂ ግሪድ፣ ሃንድሰንቴብልና የኤምዩአይ ዳታ ግሪድ ሁሉ የሚጋሩት ስልት በመሆኑ፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚያገለግል መስፈርት ሊሆን አይችልም። የሒሳቡም ነገር ቢታይ፣ ቁመቱ 30 ፒክሰል የሆነ አንድ ሚሊዮን ረድፍ 30 ሚሊዮን ፒክሰል ይረዝማል፤ በክሮም ብራውዘር ውስጥ የአንድ አካል ቁመት ጣሪያ 33 ሚሊዮን ፒክሰል ገደማ፣ በፋየርፎክስ ደግሞ የዚያ ግማሽ ያህል ስለሆነ፣ ግሪዶቹ ወሰኑን የሚያልፉት በብልሃት ነው። ማያ ገጹ በአንድ ጊዜ 30 ረድፍ ቢያሳይና አንባቢው ለእያንዳንዱ እይታ አንዲት ሰኮንድ ብቻ ቢሰጥ፣ መጨረሻው ላይ ለመድረስ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ማየት ይኖርበታል። እንዲህ የሚያደርግ የሒሳብ ሠራተኛ እስካሁን አልታየም። ሰው ከብዙ ረድፍ መካከል አንዱን ይፈልጋል፤ ያንን መፈለግ ደግሞ የዳታቤዙ ሥራ እንጂ የማያ ገጹ አይደለም።

ብዛቱ በነጻ የሚገኝ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ያልተሣለ ረድፍ ለብራውዘሩ የለም ማለት ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ኮንትሮልና ኤፍ ተጭኖ የሚፈልገው ስም ከዝርዝሩ ውስጥ እያለ «አልተገኘም» ይባላል፤ ለፊርማና ለማኅተም በወረቀት የሚታተመው ዝርዝርም፣ ግሪዱ ለኅትመት የተለየ አሠራር ከሌለው፣ በማያ ገጹ ላይ የነበሩትን ረድፎች ብቻ ይዞ ይወጣል። ማየት ለተሳናቸው ተጠቃሚዎች ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራምም የረድፎቹን ጠቅላላ ብዛትና ተራ ቁጥር የሚነግረው ምልክት ካልተጨመረለት በቀር፣ ከፊቱ ያሉት ሃያና ሠላሳ ረድፎች የዝርዝሩ ሁለንተና ይመስሉታል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የድርደራው ውሸት ነው። መረጃው ከሰርቨር ገጽ በገጽ፣ ለምሳሌ መቶ መቶ ረድፍ እየሆነ ሲመጣ፣ ግሪዱ በራሱ እንዲደረድር ከተተወ የሚደረድረው እጁ ላይ ያለውን መቶ ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው «ከፍተኛ ደመወዝ» ብሎ ዓምዱን ሲጫን የሚያየው ቁጥር የዚያ ገጽ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ደመወዝ አይሆንም፤ ገጹ ግን በራሱ ተማምኖ ያሳየዋል። ስለዚህ ድርደራና ማጣሪያ የሚካሄዱት በብራውዘሩ ነው ወይስ በሰርቨሩ የሚለው ጥያቄ ከምርጫው በፊት መመለስ ያለበት ሲሆን፣ በስብሰባዎቹ ላይ የሚነሣው እምብዛም ነው።

በአማርኛ መረጃ ላይ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሠራተኞቹ አንድ ሺህ በማይሞሉበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ በሚሊዮን ረድፍ ማሳያ የተመረጠ ግሪድ ተተክሎ ሳለ፣ መዝጋቢዋ «ሀይሉ» ብላ ፈልጋ ባለማግኘቷ «ኃይሉ» ተብሎ ቀድሞ የተመዘገበውን ሠራተኛ እንደገና መዝግባዋለች፤ አንድ ሰው ሁለት መዝገብ እንዳለው የታወቀውም ደመወዝ ሲሠራ ነው። ጥፋቱ የእርሷ ተደርጎ ተወሰደ። ይሁን እንጂ ለግሪዱ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደ ማንኛውም ሁለት የተለያዩ ፊደላት የተለያዩ ናቸው፤ ሞክሼ ፊደላት መሆናቸውን የነገረው የለም። «ፀሐይ» የሚለው ስም ድምፁ ሳይለወጥ በ12 ዓይነት መንገድ ሊጻፍ መቻሉን ያሰበ ሰው መዝጋቢዋን ባልወቀሰም ነበር።

ድርደራውም እንዲሁ ነው። በዩኒኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደላት በአብዛኛው የሀሁን ቅደም ተከተል ጠብቀው ስለተቀመጡ ዝርዝሩ በመጀመሪያ እይታ ትክክል ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን በአለሙና በዓለሙ መካከል ከበደና ወንድሙ ይገባሉ፤ ሀይሉ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ተቀምጦ ኃይሉ ከተስፋዬ በኋላና ከነጋሽ በፊት ይገኛል። የብራውዘሩን የአማርኛ ድርደራ ማብራትም አይፈውሰውም፤ ያ ሥርዓት ሞክሼዎቹን አንድ አያደርጋቸውምና። መፍትሔው ከስሙ ዓምድ ጎን ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ፊደል የተመለሱበት ሁለተኛ፣ የማይታይ ዓምድ በዳታቤዙ ውስጥ ማስቀመጥና ፍለጋውንም ድርደራውንም በእርሱ ማካሄድ ሲሆን፣ ዋናው ስም ከመታወቂያውና ከባንክ ደብተሩ ጋር መስማማት ስላለበት ፈጽሞ ሊነካ አይገባም። እንግዲህ ለግሪዱ የሚቀርበው ትክክለኛ ጥያቄ የራሱን ማጣሪያና ማነጻጸሪያ በሌላ ለመተካት ይፈቅዳል ወይ የሚል ነው። ታዋቂዎቹ ይፈቅዳሉ፤ በየሰነዳቸው ውስጥ ያንን ገጽ ከፍቶ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

የአጠቃቀም ፈቃዱም ነገር በጥቂቱ መነሣት አለበት። ኤጂ ግሪድ ነጻና የሚከፈልበት ቅጂ ሲኖረው፣ ሕዋሶችን በጅምላ መርጦ ከኤክሴል መለጠፍና በኤክሴል ፋይል ማውጣት የሚገኙት በሚከፈልበት ነው፤ ሃንድሰንቴብልም እ.ኤ.አ. በ2019 ነጻ ፈቃዱን ትቶ ለንግድ ሥራ የሚከፈልበት ሆኗል። የሒሳብ ሠራተኛ ቀኑን የሚያውለው በመለጠፍ ስለሆነ፣ ይህ ከየትኛውም የፍጥነት ማሳያ ይልቅ ዋጋውን ይወስናል። በነጻው ቅጂ የሚወጣው የሲኤስቪ ፋይልም ከፊቱ የዩኒኮድ ምልክት ካልተደረገበት፣ ኤክሴል ሲከፍተው የአማርኛው ጽሑፍ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሊሆን ይችላል።

ስለ ቀን ዓምድ ሲነሣ «ይደገፋል» የሚል ምልክት በሠንጠረዥ ላይ ማየት በቂ ተደርጎ ይወሰዳል። ምልክቱ ለኢትዮጵያ ቀን መሥራቱን ለመፈተን አንድ ረድፍ መሙላት ይበቃል፤ የኢትዮጵያ ዓመት፣ ወርና ቀን ሳይቀየሩ እንደ ቁጥር ለጃቫስክሪፕት የቀን አሠራር ከተሰጡ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ሁለተኛ ወር ስለሆነ 30ኛ ቀን የሌለው የፈረንጅ ፌብሩዋሪ ተቆጥሮ ወደ ኅዳር 2 ይሸጋገራል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማይታወቅ መስከረም 5 ቀን 2017 ይሆናል፤ ስሕተት መፈጠሩን የሚያስታውቅ አንድም መልእክት አይወጣም።