ሴንሰሩ ፍጥነት አያውቅም፣ ጥርስ ይቆጥራል

ከደሴ ወጥቶ ቦሩ ሜዳን አልፎ ኩታበር የሚገባ አሮጌ መኪና እስከዚያ ድረስ ብዙም አይፈተንም። ፈተናው ከኩታበር ወዲያ ነው። መንገዱ ወደ በሽሎ ሸለቆ መውረድ ሲጀምር ፍሬኑም ጎማውም የሹፌሩ እግርም ሥራ ይበዛባቸዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ይህንኑ ወንዝ አሻግረው ነው፤ ያን የሚያህል ክብደት ዳገቱን ማውጣት ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱ ላይ መያዝም ጭንቅ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከጥር 2016 ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እሱኑ ማደስን መርጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቮልሱ፣ ላንድሮቨሩ፣ ዲኤክሱ ሞተር ይቀየርለታል፣ ሰፋ ያለ ጎማ ይገጠምለታል፣ ዳሽቦርዱ በዲጂታል ይተካል፣ መሪው በኤሌክትሪክ እንዲታገዝ ይደረጋል። ከእነዚህ አዳዲስ ዕቃዎች ዳሽቦርዱና መሪው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ መኪናው በስንት እየሄደ ነው? መልሱን የሚሰጣቸው ጎማው አጠገብ የሚታሰረው የፍጥነት ሴንሰር ነው። ስለዚህች አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ጋራዥ ውስጥ የሚወራው ግን ከእውነቱ ይልቅ ተረቱ ያመዝናል።

ትልቁና አደገኛው ተረት «ሴንሰር ከተገጠመ መኪናው ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የፍሬን ሥርዓት) አለው» የሚለው ነው። ሴንሰሩ ፍሬን አይነካም። ሥራው ከጎማው ጋር የሚዞር ጥርሳም ቀለበት ፊት ተቀምጦ ጥርሶቹ ባለፉ ቁጥር አንዳንድ ምት መላክ ብቻ ነው። ኤቢኤስ ለመባል በየጎማው ምቱን የሚልክ ሴንሰር፣ አራቱንም እያነጻጸረ የትኛው ሊቆለፍ እንደሆነ የሚወስን ኮምፒውተር፣ እንዲሁም የፍሬን ዘይቱን ግፊት በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚለቅና የሚመልስ ቫልቭና ፓምፕ ያስፈልጋል። ቦሽ ይህን በኤሌክትሮኒክስ አሟልቶ በመርሰዲስ ኤስ ክላስ ላይ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት ሙከራ አልነበረም ማለት አይደለም። የእንግሊዙ ጄንሰን ኤፍ ኤፍ እ.ኤ.አ. በ1966 የደንሎፕን ሜካኒካል ሥርዓት ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ያም ከአውሮፕላን ፍሬን የተወሰደ ነበር። በአገራችን የምናያቸው አብዛኞቹ ቮልሶችና ላንድሮቨሮች ግን የዚህ ታሪክ ተካፋይ አይደሉም።

«ታዲያ ከተሰበረ ዘመናዊ መኪና ሙሉውን ፈትቶ ማዛወር ነዋ!» ይላል ደፋሩ። ያ ኮምፒውተር ግን የተሠራው ለዚያ መኪና ክብደት፣ ለዚያ የጎማ ልክ፣ ለዚያ የጥርስ ብዛትና ለዚያ ፍሬን ነው። 48 ጥርስ እንዲቆጥር የተሠራ ሳጥን 40 ጥርስ ካለው ቀለበት ጋር ቢገናኝ በ60 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን መኪና 50 ላይ ነው ብሎ ያምናል። ጥርሳቸው የተለያየ ሁለት ቀለበቶች ከፊትና ከኋላ ቢገቡ ደግሞ የባሰ ነው፤ ባለ ጥቂት ጥርሱን ጎማ ሊቆለፍ የደረሰ አድርጎ ሊቆጥረውና ያለ ምክንያት ፍሬኑን ሊለቅ ይችላል። ይህ በሽሎ ቁልቁለት ላይ ሲሆን አስቡት።

እዚህ ላይ ከተረቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ እምነት አለ፤ ኤቢኤስ ሁልጊዜ በአጭር ርቀት ያቆማል የሚል። በአስፋልት ላይ ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ፍሬን ተረግጦም መሪው እንዲታዘዝ ማድረጉ ነው። በልቅ ጠጠር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ባደረገው ሙከራ በልቅ ጠጠር ላይ ኤቢኤስ ሲሠራ የመቆሚያው ርቀት በአማካይ 27 በመቶ ያህል ረዝሟል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን እየቆፈረ ከፊቱ ይከምረዋል፣ ክምሩም ያቆመዋል፤ የሚዞር ጎማ ግን ይጋልብበታል። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ፒስታ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። በእኔ እምነት ለዚህ አገር አሮጌ መኪና የሚወጣ ገንዘብ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ደህና የፍሬን ሸራ፣ ወደማያፈስ ሲሊንደርና ወደ አዲስ የፍሬን ዘይት ነው። ቁልቁለቱንም በማርሽ መያዝ ነው።

«የፍጥነት ልኬት ከካምቢዮ ነው የሚወሰደው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። በላንድሮቨር እና በብዙ መኪኖች እንዲያ ነው። ቮልስ ላይ ግን ካምቢዮውን ዙሪያውን ቢበረብሩት የኪሎ ሜትር ገመድ አይገኝም። ገመዱ የሚነሳው ከፊት ግራ ጎማ ነው፤ በጎማው አክስል ውስጥ ያልፍና አራት ማዕዘን ጫፉ በግራሶ ክዳኑ ቀዳዳ ብቅ ይላል፣ በትንሽ ቁልፍም ይያዛል። ክዳኑ ሲዞር ገመዱም ይዞራል። እንግዲህ ቮልስ የጎማ ፍጥነትን ከጎማው ላይ መለካት የጀመረው ሴንሰር ከመምጣቱ በፊት ነው ማለት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበት ቮልስም ፍጥነቱን የሚያነበው በዚሁ መንገድ ነበር። ስለዚህ ቮልስ ላይ ዲጂታል ዳሽቦርድ የሚገጥም ሰው ሴንሰሩን ከዚያው ከግራ ፊት ጎማ ቢያስር ፋብሪካው የመረጠውን ቦታ ተከተለ እንጂ አልፈለሰፈም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የሻማ ገመዶቹ የሚረጩት የኤሌክትሪክ ብጥብጥ ከሴንሰሩ ሽቦ ይርቃል። ሞተሩ ከፊት የሆነ መኪና ላይ ግን ሽቦዎቹን ጠምዝዞ ከሻማ ገመድ አርቆ መዘርጋት ግድ ነው።

ከየት መለካት እንዳለበት ሲመረጥ አንድ ነገር መታየት አለበት። ኃይል የሚቀበል ጎማ ጭቃ ላይ ባዶውን ሲሽከረከር መኪናው ቆሞ ዳሽቦርዱ 40 ሊያሳይ ይችላል። የፊት ጎማ ደግሞ ሲቆለፍ መኪናው እየተንሸራተተ ዜሮ ያሳያል። ወደ ዲፈረንሻሉ በሚሄደው ዘንግ ላይ የሚታሰር ሴንሰር የግራውንና የቀኙን አማካይ ይሰጣል፤ ነገር ግን የዲፈረንሻሉ ሬሾ ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። የድሮዎቹ ሲሪስ ላንድሮቨሮች ሬሾ 4.7 ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 4.7 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

«ጎማ መቀየር ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጋር ምን አገናኘው?» ጎሚስታውም ባለመኪናውም ይህን ይላሉ። ሴንሰሩ የሚያየው ዙር ነው፤ አንድ ዙር ስንት ሜትር እንደሆነ የምንነግረው እኛ ነን። 155/80አር15 የተባለ ጎማ ቁመቱ 629 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንዴ ሲዞር 1.98 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በምትኩ 205/70አር15 ቢገባ ቁመቱ 668 ይሆናል፣ ዙሩም ወደ 2.10 ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ 6 በመቶ ነው። ዳሽቦርዱ 80 ሲል እውነተኛው 85 ነው፤ 1000 ኪሎ ሜትር ሄድኩ ያለ ሰውም 1060 ሄዷል። ጭነት ሲኖር ጎማው ስለሚረግብ ወረቀት ላይ የተሰላው ቁጥር ራሱ ጥቂት ይዛነፋል። ስለዚህ ጎማው ላይና መሬት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ሰው አስቀምጦ፣ መኪናውን ቀጥ ባለ ሜዳ 10 ዙር መግፋትና ርቀቱን በሜትር ለክቶ ለ10 ማካፈል ይሻላል። ዲጂታሉ ዳሽቦርድ የሚጠይቀው በኪሎ ሜትር ስንት ምት እንደሚደርሰው ነው፤ 48 ጥርስ ያለው ቀለበትና 1.98 ሜትር ዙር ካለ 24,242 ገደማ ይሆናል።

ጥርሳም ቀለበት ያላገኘ ሰው ማግኔት ይለጥፋል። «ከበሮው ላይ አራት ማግኔት ለጥፍ፣ አለቀ» ይባላል። ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ቁልቁለት ላይ ነው የሚያሳፍረው። ገበያ ላይ የሚገኘው ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን ያጣል፣ ሲቀዘቅዝም ሙሉ በሙሉ አይመለስለትም። ረጅም ቁልቁለት የወረደ የፍሬን ከበሮ ደግሞ ከ80 ዲግሪ በላይ መሞቁ የተለመደ ነገር ነው፤ ማጣበቂያውም ይለቃል። የተሻለው መንገድ ማግኔቱ በውስጡ ያለ ሴንሰር ገዝቶ የብረት ጥርስ ወይም የብሎን ራስ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ቀለበቱን ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ ይቻላል፤ ዋናው ጥርሶቹ እኩል መራራቃቸውና ቀለበቱ ሳይወላገድ መዞሩ ነው።

«ሴንሰር ሁሉ አንድ ነው፣ የሚሰካው ከገጠመ ይሠራል» የሚለው ብዙ ገንዘብ አባክኗል። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ብቻ የያዘ፣ ሁለት ሽቦ ያለው፣ ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው ራሱ የሚያመነጭ ነው። ይህኛው ጠንካራ ነው፤ ጎማው በጣም ቀስ ሲል ግን ምቱ እየሟሸሸ ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ይጠፋል። ሁለተኛው ሆል የሚባለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፣ አንዱ ኤሌክትሪክ፣ አንዱ መሬት፣ አንዱ ምት። እስከ መቆም ድረስ ያነባል። ግራ የሚያጋባው ዘመናዊ መኪኖች ላይ ያለው ሁለት ሽቦ ያለው ሆል ነው፤ ውጪው እንደ መጀመሪያው ቢመስልም የሚናገረው የሚስበውን ኤሌክትሪክ በማሳነስና በማብዛት ነው፣ በ7 እና በ14 ሚሊ አምፒር። ያንን ተራ ዳሽቦርድ አይሰማውም።

ከዚህ የሚከተለው «አዲሱ ሴንሰር የሞተ ነው» የሚለው ፍርድ ነው። የሽቦ ጥቅል ያለውን በቴስተር ኦሙን መለካት ያስኬዳል። ሆሉን ግን በኦም መለካት ምንም አይነግርም። ብዙዎቹ ሦስት ሽቦ ያላቸው ሆሎች ምቱን ወደ መሬት መጎተት እንጂ ወደ ላይ ማንሳት አይችሉም፤ በኤሌክትሪኩና በምቱ ሽቦ መካከል ከ1 እስከ 10 ኪሎ ኦም የሆነ ሬዚስተር ካልገባ ዝም ይላሉ። አንዳንድ ዳሽቦርድ ይህን በውስጡ ይዟል፣ አንዳንዱ አልያዘም። ሬዚስተሩን አስገብቶ፣ ጎማውን በክሪክ አንስቶ፣ በእጅ ቀስ ብሎ እያዞሩ ቴስተሩ ላይ ቮልቱ ሲወርድና ሲወጣ ማየት ነው። ድሮ ባለ 6 ቮልት የነበረ ቮልስ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ወደ 12 መቀየሩን ማረጋገጥ ያሻል።

ክፍተትን በተመለከተ «በጣም ካስጠጋኸው የበለጠ ያነባል» ይባላል። ያነባል፣ የፊቱ ኩሽኔታ ትንሽ እስኪላላ ድረስ፤ ከዚያ ጥርሱ ሴንሰሩን ይላጨዋል። ለትንሽ መኪና ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ በፊለር ጌጅ መለካት ነው። ይህ ተረት የመጣው ከጭነት መኪና ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ሴንሰሩ በእጅ ተገፍቶ ቀለበቱን እንዲነካ ይደረግና ቀለበቱ ራሱ ሲዞር የሚበቃውን ያህል ይመልሰዋል። ያ ግን ሴንሰሩ አጥብቆ በሚይዝና በሚያንሸራትት ልዩ መያዣ ውስጥ ስለሚገባ ነው። በብሎን ለታሰረ ሴንሰር አይሆንም።

«ጂፒኤስ እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ለዳሽቦርድ ብቻ ከሆነ እውነት አለው፤ የጎማ ልክ አያሳስበውም። ከሳተላይት የሚያነበው ግን በሴኮንድ አንዴ ወይም ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ይዘገያል፣ ገደል በከበበው ሸለቆም ሳተላይቱን ሊያጣ ይችላል። የኤሌክትሪክ መሪ ሳጥን ላይ እንዲያ ያለ መዘግየት አልፈልግም። ጂፒኤሱን ሴንሰሩን ለማረም መጠቀም ይሻላል፦ ደልዳላ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት እየነዱ ጎን ለጎን ማየት፣ ዳሽቦርዱ 60 ሲል ስልኩ 57 ካለ የምቱን ቁጥር በ60 አባዝቶ ለ57 ማካፈልና አዲሱን ማስገባት። የኪሎ ሜትር ገመዱ ጤነኛ የሆነና ዲጂታል ዕቃ ያልገዛ ባለ ቮልስ ደግሞ ገመዱን በግራሶ ቀብቶ ቢተወው ይሻለዋል።