ከኮንሶሉ ጀርባ ያለችው መሰኪያ

የመድረክ መብራት ኮንሶል ጀርባውን ሲያዞሩት ዓይን የሚያርፈው ዲኤምኤክስ መውጫው ላይ ነው። አንዱ መስመር 512 ቻናል ስለሚይዝ አይፈረድበትም። በብዙ ኮንሶሎች ላይ ግን «ሪሞት» የሚል ጽሑፍ ያላት፣ አቧራ ለብሳ የምትኖር ሌላ መሰኪያ አለች። በግራንድኤምኤ 2 ላይ ባለ 25 ፒን ሆና «ዲሲ ሪሞት» ትባላለች። የውጭ ማብሪያ የሚገባው በእሷ ነው።

ተዋናይቷ ጨለማ ክፍል ገብታ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ትጫናለች እንበል። ኦፕሬተሩ ከአዳራሹ ኋላ እጇን እያየ «ጎ»ን ይጫናል። ወይ ይቀድማታል ወይ ይዘገያል፤ ተመልካቹም ያውቅበታል። ከማብሪያዋ ሁለት ቀጭን ሽቦ ወደ ኮንሶሉ ከተሳበ ግን ኪዩውን፣ ማለትም የተዘጋጀውን የመብራት ለውጥ፣ የሚያስነሳው የራሷ ጣት ነው። ልምምድ ላይ ይህን ያገኘች ተዋናይት አይቻለሁ፤ ማብሪያውን ለመጫን መቸኮሏን ትታ በጨለማው ውስጥ እንደ ልቧ መቆም ጀመረች።

ታዲያ ስንቱ ባለሙያ ነው ያች ሽቦ የመብራቱን ኃይል የምትሸከም የሚመስለው! አትሸከምም። ኃይሉ በዲመሩ በኩል ይሄዳል። በተለመደው አሠራር ኮንሶሉ ራሱ ጥቂት ቮልት በሬዚስተር አድርጎ መግቢያው ላይ ያቆያል፤ ማብሪያው መግቢያውን ከኮመን ጋር ሲያገናኘው ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ኮንሶሉ የሚያነበው ያንን መውረድ ነው። ከውጭ ቮልት የሚጠብቁ ኮንሶሎችም ስላሉ የማኑዋሉን የፒን ሰንጠረዥ ሳያዩ ሶልደር ማሞቅ ስንፍና ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የቤት ማብሪያ እንዳለ የሚጠቀሙማ አሉ! 220 ቮልት እዚያ መሰኪያ ውስጥ ከገባ ቦርዱን ያቃጥላል፤ ሰውም ሊገድል ይችላል። የድሮው መስመር ከማብሪያው ሳጥን ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ምልክቱ የግድ ቮልት ካለው ሌላ መሣሪያ የሚመጣ ከሆነ በመሃል ሪሌይ ይግባ፦ ኮይሉ በመሣሪያው በኩል፣ ኮመንና ኖርማሊ ኦፕን ጫፎቹ በኮንሶሉ በኩል፤ ሁለቱ ወገን በሽቦ አይገናኙም።

ማብሪያው ሲለቁት የሚመለስ፣ የበር ደወል ዓይነት ይሁን። ብረቶቹ ሲነካኩ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራሉ፤ አንድ ጊዜ ተጭነው ሁለት ኪዩ ካለፈ ጥፋተኛው ይህ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ረጅም ከሆነ ሺልድ ያለው ይሁን፤ ከዲመር ገመዶች ጋር አንድ ላይ አትሰሩት።

የአደጋ ጊዜ መብራትን በዚህ ላይ የምትጥሉ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። ኮንሶሉ ከጠፋ የአዳራሹ መውጫ ይጨልማል።

ከመሰካታችሁ በፊት መጀመሪያ በመልቲሜትር ቮልት ለኩ፤ በገመዱ ጫፍ ያልጠበቃችሁት ቮልት ከተገኘ አትሰኩ። ንጹሕ ከሆነ ድምፅ ወደሚያሰማው መፈተሻ አዙሩት፦ ሳይጫን ዝም፣ ሲጫን ጩኸት፣ ሲለቀቅ ዝም።