ለብርቱካኑ ሞት የጫካ ዘመዱ ይጠየቅ?

ሰላ ድንጋይ ደጋ ናት፤ ብርቱካኑም ሎሚውም ከቆላ ተጭኖ ይመጣላታል። የብርቱካን ዘመዶች ግን በደጋውም በወይና ደጋውም አሉ። ቡና ላይ ጣል የሚደረገው ጤና አዳም ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ ለጥርስ መፋቂያ የሚቆረጠው ልምጭም እንዲሁ። ከሁሉም እምብዛም የማይታወቀው ሳይንስ «ቶዳሊያ አሲያቲካ» የሚለው እሾሃም ሐረግ ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ከሕንድ እስከ ቻይና ይበቅላል። በቆልማማ እሾሆቹ ዛፍ እየቧጠጠ ይወጣል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የተሰካ ነው፤ ወደ ፀሐይ ቢይዙት ጥቃቅን የዘይት ነጠብጣቦች ይታዩበታል፣ ቢያሹት ሎሚ ሎሚ ይሸታል። አተር የሚያህለው ፍሬው ሲበስል ብርቱካንማ ይሆናል፤ ለቀመሰው ግን እንደ ቁንዶ በርበሬ ያቃጥላል።

በዚህ የጫካ ቤተሰብ ላይ የቆየ ክስ አለ። ግሪኒንግ የሚባለውንና መድኃኒት ያልተገኘለትን የብርቱካን በሽታ ታስጠልላለህ ይሉታል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያሻግረው ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ነፍሳት። ነፍሳቱ በ1918 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ በተገኘ ናሙና ለሳይንስ ስለተዋወቀ «ትሪዮዛ ኤሪትሬዬ» ተብሏል። ለጋ የሎሚ ቅጠል ላይ እብጠት እብጠት ካዩ ገልብጠው ይመልከቱ፤ ከእያንዳንዱ እብጠት ሥር ጎድጓዳ፣ በየጎድጓዳው ውስጥ የተለጠፈች ቢጫ እጭ ትገኛለች። በባክቴሪያው የተያዘ ዛፍ ቅጠሉ ቦታ ቦታ እየለየ ይገረጣል፤ ፍሬው ይጣመማል፣ ታችኛው ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ይመራል።

የአፍሪካው ባክቴሪያ ሙቀት አይወድም፤ ለቆላ አትክልተኛ ይህ መከታ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ግን ሙቀት የሚችለው የእስያ ዝርያ በትግራይና በሰሜን ወሎ መገኘቱ ታተመ። በ2019 ደግሞ ያው የእስያ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ በተሰበሰበው በዚሁ ትሪዮዛ ነፍሳት ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚከፋ ፍሎሪዳ ምስክር ናት፤ በሽታው በ2005 ከተገኘባት ወዲህ የብርቱካን ምርቷ ከ90 በመቶ በላይ አሽቆልቁሏል።

ታዲያ ጫካው ይመንጠር? ነፍሳቱ በልምጭ ላይ እንደሚራባ አይካድም። ከእርሻው ጥግ የበቀለውን ልምጭ ማስወገድም ያስኬድ ይሆናል። ከዚያ አልፎ ገደል ለገደል እሾሃም ሐረግ ማሳደድ ግን ድካም ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው የሬዩኒዮን ደሴት ነፍሳቱን ያጠፋችው እጩን በምትበላ «ታማሪክሲያ ድራዪ» በምትባል ደቃቅ ተርብ ነው። ተርቢቱም የበረታችው በደሴቲቱ የዱር ዛፍ ላይ ሌላ ምግብ ስላገኘች ነበር። ጠላት የሚጠለልበት ጫካ የጠላትን ጠላትም ያኖራል።

ደግሞስ ነፍሳቱ በራሱ ክንፍ ምን ያህል ይሄዳል? አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በሽታውን ከክልል ክልል የሚያደርሰው በመኪና የሚጓዘው ችግኝና ለማዳቀል የሚቆረጠው ቀንበጥ ነው። የተያዘ ችግኝ ምልክቱን ሳያሳይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ስለሚቆይ ገበሬው ለምለም ነው ብሎ ከፍሎበት ይተክለዋል፤ የጎረቤቱም ማሳ ከዚያው ይለከፋል።

ስለዚህ ገንዘቡም ጉልበቱም መዋል ያለበት ችግኝ ጣቢያ ላይ ነው። እናት ዛፎቹ በላቦራቶሪ ይመርመሩ፤ ችግኙ ነፍሳት በማያስገባ መረብ ቤት ይደግ፤ ሲሸጥም ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት ይኑረው። ይህ ሳይደረግ ጫካ መመንጠር ጫካውንም ብርቱካኑንም ማጣት ነው።